ገንዘቡ አለ፤ የጎልማሳው ደጅ ግን አይደርስም

በየዓመቱ ኢራስመስ ፕላስ የተባለው የአውሮፓ ኅብረት የትምህርትና ሥልጠና ድጋፍ መርሐ ግብር የማመልከቻ ጥሪ ባወጣ ቁጥር ወዳጆቼ ማስታወቂያውን እየላኩልኝ «ለናንተ የሚሆን ገንዘብ አለ፤ አሁኑኑ አመልክቱ» ይሉኛል። አመሰግናለሁ፤ ነገር ግን ይህን ምክር በዝምታ የማልፍበት ትዕግሥት አልቆብኛል። አውሮፓ ውስጥ ጎልማሶች በምሽት እየተሰበሰቡ ቋንቋ፣ ታሪክ፣ ሥዕልና የኅብረት ዝማሬ በሚማሩበት አንድ አነስተኛ ማኅበር በበጎ ፈቃድ አገለግላለሁ። አብዛኞቹ ተማሪዎቻችን ጡረታ የወጡ ወይም ሥራ ያላቸው ሰዎች ሲሆኑ፣ የሚመጡትም የምስክር ወረቀት ፈልገው ሳይሆን ማወቅ ፈልገው ነው። ስለዚህ ብሶቴ ገንዘብ የለም የሚል አይደለም። የሚያንገበግበኝ፣ ገንዘቡ እንዲህ ላሉ ሰዎች ተብሎ በሕግ ከተመደበ በኋላ እነርሱ ሊደርሱበት በማይችሉት አጥር መከበቡ ነው።

መጀመሪያ ድርሻውን እንመልከት። ከ2021 እስከ 2027 ድረስ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ለሚዘልቀው የኢራስመስ ፕላስ ዘመን ከ24 ቢሊዮን ዩሮ በላይ የተመደበ ሲሆን፣ መቋቋሚያ ደንቡ 83 በመቶውን ለትምህርትና ሥልጠና ይሰጣል። ከዚህ ድርሻ ላይ ቢያንስ 34.6 በመቶው ለከፍተኛ ትምህርት፣ 21.5 በመቶው ለሙያ ትምህርትና ሥልጠና፣ 15.2 በመቶው ለትምህርት ቤቶች ሲታሰብ፣ ለጎልማሶች ትምህርት የተተወው ዝቅተኛ ወሰን 5.8 በመቶ ነው። ሰው ከዕድሜው ትልቁን ክፍል የሚያሳልፈው ከትምህርት ቤት ከወጣ በኋላ አይደለምን? ያም ሆኖ 5.8 በመቶው ራሱ ከአንድ ቢሊዮን ዩሮ በላይ ስለሆነ፣ በወጉ ቢደርሰን ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ ነበር።

ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። ከ2000 እስከ 2013 ድረስ ሙያ ነክ ያልሆነው የጎልማሶች ትምህርት በአውሮፓ ኅብረት ዘንድ ራሱን የቻለ መርሐ ግብር ነበረው። መርሐ ግብሩ የተሰየመው ከ1783 እስከ 1872 በኖረው ዴንማርካዊ ቄስና ባለቅኔ በግሩንትቪግ ስም ነበር። በዚህ ሰው ሐሳብ መነሻነት በ1844 ሩዲንግ በተባለች የገጠር ከተማ የተከፈተው ትምህርት ቤት ለገበሬ ልጆች ታሪክን፣ ቋንቋንና ዝማሬን ያለ ፈተና የማስተማር ልማድ ጀመረ። በስሙ በተጠራው መርሐ ግብር ሥር አንድ የጎልማሶች አስተማሪ በሌላ አገር ለሚሰጥ ሥልጠና በራሱ ስም ለአገሩ ብሔራዊ ኤጀንሲ (የኅብረቱን ድጋፍ በየአገሩ ለሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት) ማመልከት ይችል ነበር፤ በመጨረሻዎቹ ዓመታትም ለተራ ጎልማሳ ተማሪዎች የተዘጋጁ ዓለም አቀፍ አውደ ጥናቶችና ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት በላይ ለሆነ በጎ ፈቃደኞች የተመቻቸ ልውውጥ ነበሩ።

በ2014 ግን ሁሉም በኢራስመስ ፕላስ ስም ተጠቃለለ። ግለሰብ በራሱ ስም የሚያመለክትበት በር ተዘጋ። ለሰባት ዓመታት ያህል በዚህ ዘርፍ የጉዞ ድጋፍ የሚሰጠው ለአስተማሪዎችና ለሠራተኞች ብቻ ሆነ፤ ጎልማሳ ተማሪው ራሱ ወደ ጉዞው የተመለሰው በ2021 ነው። ኢራስመስ ቀድሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ልውውጥ መጠሪያ ስለነበረም እስከ ዛሬ ድረስ ብዙ ሰው ኢራስመስን የዩኒቨርሲቲ ልጆች ጉዳይ አድርጎ ስለሚቆጥረው፣ ለአንድ የ60 ዓመት ሰው «ይህ አንተንም ይመለከታል» ብሎ ማስረዳት ብቻውን አንድ ምሽት ይወስዳል።

አሁን ወደ ማመልከቻው እንምጣ፤ ደሜ የሚፈላው እዚህ ላይ ነው። አንድ የኅብረት ዝማሬ ቡድን ወደ ሌላ አገር ሄዶ ከእኩዮቹ ጋር ለአንድ ሳምንት መማር ቢፈልግ፣ በቡድንነቱ ማመልከት አይችልም። ወጣቶች ቢሆኑ ኖሮ መደበኛ ድርጅት ሳያቋቁሙም የሚያመለክቱበት ዘርፍ ነበራቸው፤ ጎልማሳ ግን የድርጅት ጥላ ያስፈልገዋል። ድርጅቱ ይመዘገባል፣ መለያ ቁጥር ያወጣል፣ እንደ ዘርፉም የውጭ አጋር ይፈልጋል። አነስተኛ በሚባለው የትብብር ዘርፍ እንኳ ቢያንስ ከሁለት አገሮች ሁለት ድርጅቶች ተፈራርመው 30,000 ወይም 60,000 ዩሮ ይጠይቃሉ። ማመልከቻው ከ100 ነጥብ ቢያንስ 60 ካላገኘ፣ በእያንዳንዱ መመዘኛም ግማሹን ካላለፈ ይወድቃል። ቀነ ገደቡ በብራስልስ ሰዓት እኩለ ቀን ነው፤ ቀን ሥራ ውሎ ማታ ማኅበሩን ለሚያገለግል በጎ ፈቃደኛ ይህ ምን ያህል የታሰበበት ሰዓት እንደሆነ ፍርዱን ለናንተ እተዋለሁ።

ከሁሉ የከፋው የጥያቄዎቹ መንፈስ ነው። መርሐ ግብሩ አካታችነትን፣ ዲጂታል ለውጥን፣ አካባቢ ጥበቃንና ዴሞክራሲያዊ ተሳትፎን ቅድሚያ ይሰጣቸዋል። አንዳቸውንም አልቃወምም። ነገር ግን እኛ ዘንድ የሚዘምሩ አንዲት ጡረተኛ እናት የሌላ አገር ዜማ በአካል ሰምተው መማር የሚፈልጉት ዜማ ስለሚወዱ ነው፤ ይህ ምክንያት የሚጻፍበት ሳጥን ግን ቅጹ ላይ የለም። ስለዚህ የእኒህን እናት ፍላጎት «የዲጂታል ክህሎት ማሻሻያ» ብለን ልንጽፍ፣ የሚጠበቀውን ውጤት በአኀዝ ልናስቀምጥ፣ ከጉዞው በኋላ የሚመጣውን ተጽዕኖ በምን እንደምንለካ ልንዘረዝር ይጠበቅብናል። አንድ ጊዜ ጥያቄያችን ውድቅ ሲደረግ የደረሰን አስተያየት ሥልጠናው ተሳታፊዎችን በሥራ ገበያ እንዴት እንደሚያጠናክራቸው በበቂ ሁኔታ አልተብራራም የሚል ነበር። ሥራቸውን በክብር ጨርሰው ጡረታ የወጡ ሰዎችን የትኛው የሥራ ገበያ ነው የሚጠብቃቸው?

በዚህ መሐል ገንዘቡን የሚያገኙት ይህን ቋንቋ የሚያውቁት ናቸው። ፕሮጀክት መጻፍን መተዳደሪያቸው ያደረጉ ድርጅቶች ከአንዱ ፕሮጀክት ወደ ሌላው ሲሸጋገሩ፣ በሥራቸው መጨረሻ ላይ አንድ መመሪያ፣ አንድ ድረ ገጽና አንድ የመዝጊያ ጉባኤ ይተዋሉ። ለአስተማሪ ኮርስ የሚከፈለው ድጋፍም በቀን 80 ዩሮ ሆኖ ለአንድ ሰው እስከ 800 ዩሮ የሚደርስ በመሆኑ፣ በዚህ ዋጋ ልክ የተሰፋ የኮርስ ገበያ በየባሕር ዳርቻው ከተማ ተፈጥሯል። ጥሩ ኮርሶች የሉም አልልም፤ ይሁንና ተጠቃሚው ማን እንደሆነ ስጠይቅ ጎልማሳው ተማሪ መጨረሻ ላይ ቆሞ አገኘዋለሁ። ለእርሱ ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው።

ከናንተ መካከል በብሔራዊ ኤጀንሲዎች የምትሠሩ ወይም ማመልከቻ የምትገመግሙ ካላችሁ ጥያቄዬ ይህ ነው። ከ2027 በኋላ ለሚመጣው ዘመን የጎልማሳ ተማሪዎች ቡድን፣ እንደ ወጣቶቹ ሁሉ፣ በራሱ ስም የሚያመለክትበት አጭር ቅጽ ይዘጋጅ፤ ማወቅ መፈለግም ያለ ተጨማሪ ማስረጃ በቂ ምክንያት ሆኖ ነጥብ ይሰጠው። ቀነ ገደቡንም ቢያንስ ወደ እኩለ ሌሊት አዛውሩልን።