ዘይት ፎቶ አይነሳም

የስፖርት መኪና ያለው ጓደኛ ካላችሁ ስለ መኪናው የማታውቁት ነገር የለም። ስንት የፈረስ ጉልበት እንዳላት፣ ከዜሮ ተነስታ መቶ ለመግባት ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅባት፣ ቸርኬዋ ስንት ኢንች እንደሆነ ሳትጠይቁት ነግሯችኋል። እስቲ የዲፈረንሻሏ ዘይት መቼ እንደተቀየረ ጠይቁት። መጀመሪያ ዝም ይላል። ከዚያ «እሱም ይቀየራል እንዴ?» ይላችኋል።

አይፈረድበትም። ቸርኬ ያብረቀርቃል። ማርሚታ ሲያጓራ የተኛ ይቀሰቅሳል። ከኋላ ተደብቆ ጥርስና ጥርስ እንዳይበላላ የሚከላከል አንድ ሊትር ገደማ ዘይት ግን ፎቶ አይነሳም። «አዲስ ዘይት ሞላሁ» ብሎ ለጥፎ ላይክ የጎረፈለት ሰው አላየሁም።

ዲፈረንሻል እንዲያው ምስጋና የሌለው ዕቃ ነው። መኪና ሲታጠፍ የውጭኛው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ መንገድ ይሄዳል። ሁለቱም እንደየርቀታቸው እንዲዞሩ የሚያደርገው እሱ ነው። የሞተሩ ጉልበት ሁሉ በሱ ጥርሶች በኩል ያልፋል። ጥርሶቹ እየተፋተጉ ስለሚዞሩ ዘይቱ ውስጥ ድኝና ፎስፈረስ ያለበት ኬሚካል ይጨመራል። ሽታውስ? እሱን አታንሱብኝ። ልብስ ላይ ካረፈ ልብሱን መሰናበት ነው።

ብዙ የስፖርት መኪኖች ደግሞ ተራው ዲፈረንሻል አይበቃቸውም። አንዱ ጎማ ሲንሸራተት ጉልበቱ ሁሉ በዚያ በኩል ሾልኮ እንዳይጠፋ የሚቆጣጠር ዓይነት ይገጠምላቸዋል። ከነዚህ አንዳንዶቹ ውስጣቸው እንደ ፍሪሲዮን የተደራረበ ሸክላ አለ። ዘይቱ ለዚህ የሚሆን ማለስለሻ ከሌለው ወይም ካረጀ መኪናዋ በጠባብ ቦታ ስትታጠፍ ከኋላ ታጉረመርማለች፣ ትንቀጠቀጣለች። ጓደኛዬ ይህን ድምፅ ለወራት በኩራት ሲያሰማን ከረመ። «ሰማኸው? ኦሪጅናል ስፖርት እንዲህ ነው!»

አውቶማቲክ ካምቢዮ ጋ ስንደርስ ነገሩ ወደ ሃይማኖት ክርክር ይጠጋል። አንዳንድ የመኪና አምራቾች «ዘይቱ ለመኪናው ሙሉ ዕድሜ ይበቃል» ይላሉ። ለብዙዎቹ ካምቢዮ የሚሠራው የጀርመኑ ዜድ ኤፍ ደግሞ ከ80 ሺህ እስከ 120 ሺህ ኪሎ ሜትር ሲነዳ፣ ወይም 8 ዓመት ሲሞላው ቀይሩ ይላል። የሠራው ቀይሩ፣ የገጠመው ተዉት። ባለመኪናው የትኛውን እንደሚያምን መገመት አይከብድም። ወጪ የሌለበትን ነዋ!

ጓደኛዬ በመጨረሻ ሁለቱንም ዘይት በአንድ ቀን ሊቀይር ቆረጠ። መኪናዋ ክሪክ ላይ ወጥታ፣ ቋሚ ድጋፍ ገብቶላት፣ ገና አንድ ቡሎን ሳይፈታ አማካሪ ተሰበሰበ። መኪና ተከፍቶ ሲታይ ሰው ከየት እንደሚመጣ እኔ እንጃ። ሁሉም ያውቃል። እጁን የሚያቆሽሽ ግን የለም።

በዕድሜ ጠና ያሉት ጎረቤት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቀረቡ። «ልጄ፣ ያልነኩት ካምቢዮ አይበላሽም። እኔ የማውቀው ሰው ዘይት ቀይሮ በሳምንቱ ካምቢዮው ቆመ።»

«ጋሼ፣ ከመቀየሩ በፊት ደህና ነበር?» አልኳቸው።

«ኧረ ምን ደህና! ማርሽ እየዘለለ አስቸግሮት ነው እንጂ የቀየረው።»

ሲያጣጥር ሐኪም ቤት የደረሰ ሰው ሲሞት «ሐኪሙ ገደለው» እንደማለት ነው። ግን ለጋሼ ይህን ማን ይነግራቸዋል?

አንድ ወጣት ደግሞ ለካምቢዮው የተገዛውን ዘይት በጣቶቹ እያሸ «ቀይ ነው፣ ምርጥ ዕቃ ነው» አለ። ቅላቱ እኮ ቀለም ነው። ሲያፈስ ከሞተር ዘይት እንዲለይ ተብሎ የገባ ነው። ቀይ ያልሆነ ጥሩ ዘይትም ሞልቷል። ስለ ካምቢዮ ዘይት የሚገርም ነገር ከፈለጋችሁ ሌላ አለ። እስከ 1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ድረስ ውስጡ የዓሣ ነባሪ ዘይት ይገባበት ነበር። ማርሽ ለስልሶ እንዲገባ ማለት ነው። አሜሪካ በሕግ ስትከለክለው ኬሚስቶች ተተኪ ፍለጋ ላባቸው ጠብ አለ። ይህን ለወጣቱ ነገርኩት። «አሁንም ዓሣ ዓሣ ይላል» አለና ጣቱን አሸተተ።

የዲፈረንሻሉ ማፍሰሻ ቡሎን ሲፈታ ማግኔቱ ላይ ግራጫ ጭቃ ተለጥፎ ወጣ። አማካሪዎቹ ሁሉ «አለቀልህ!» አሉ። አላለቀለትም። ጥርሶች ሲሠሩ የሚወጣ ደቃቅ የብረት ዱቄት ነው፤ ማግኔቱም የተቀመጠው ለዚሁ ነው። የሚያስደነግጠው ጥፍር የሚያክል ስባሪ ብረት ሲገኝ ነው። ደግነቱ ጓደኛዬ አንድ ነገር በትክክል አድርጓል። ከማፍሰሻው በፊት መሙያውን ፈትቷል። ይህን ቅደም ተከተል የገለበጠ ሰው ዘይቱን ጨርሶ ካፈሰሰ በኋላ የመሙያው ቡሎን ዝጎ እንቢ ሊለው ይችላል። ያኔ መኪናዋ ባዶዋን ተሰቅላ ትቀራለች፤ አማካሪም ይበዛል።

የካምቢዮው ተራ ሲደርስ ጠብ ተነሳ። ጓደኛዬ ዘጠኝ ሊትር ገዝቷል። የወጣው አሮጌ ዘይት ግን ግማሹን ያህል ነው። «ሌላው የት ገባ?» ብሎ ሊያግዘው የመጣውን መካኒክ በጎን አየው። መካኒኩ ተናደደ። «ጠጣሁት ልትለኝ ነው?» ቀሪው ቶርክ ኮንቨርተሩ (የሞተሩን ጉልበት በዘይት አማካይነት ለካምቢዮው የሚያቀብለው ዕቃ) እና ውስጥ ለውስጥ ያሉት ቦዮች ውስጥ ነበር። ከሥር ያለው የዘይት መያዣ፣ ኮፓው፣ ስለተከፈተ ብቻ ሁሉም አይወጣም። ይህን ለማስረዳት የፈጀው ጊዜ ፊልትሮውን ለመቀየር ከፈጀው ይበልጣል።

ዋናው ቲያትር ልኬቱ ነው። ዘመናዊ ካምቢዮ ብዙ ጊዜ መለኪያ ዘንግ የለውም። መኪናዋ ውኃ ልክ ትቆማለች፤ ሞተሩ እየሠራ፣ ዘይቱ አምራቹ ያለው ሙቀት ላይ ሲደርስ ይለካል። ብዙዎቹ 40 ዲግሪ አካባቢ ይላሉ። ከትርፍ ማፍሰሻው ቀጭን ክር ሆኖ ሲወርድ ሞልቷል ማለት ነው። ዘይት ሲሞቅ ስለሚያብጥ ጊዜው ካለፈ ልኬቱ ይዛባል። ስለዚህ አንዱ የጋለ ማርሚታ ሥር ተጋድሞ፣ ሌላው መሪው ጋ ተቀምጦ ፍሬን ይዞ ማርሾቹን በየተራ ማስገባት አለበት። መሪው ጋ የተቀመጠው ጓደኛዬ ነው። በሌላ እጁ ራሱን ይቀርጻል።

«ዲ አስገባ!» ከሥር ድምፅ መጣ።

«አስገብቻለሁ!»

«ጎማው እኮ ወደ ኋላ እየዞረ ነው!»

«ቆይ፣ ቪዲዮው ሊያልቅ ነው!»

ተሞላ፣ ተዘጋ። አሮጌውን ዘይት ወደ መሰብሰቢያ የሚወስድ ሰው ሲፈለግ አማካሪዎቹ ሁሉ ቀጠሮ ትዝ አላቸው። ጋሼ ብቻ ቀሩ። ለሙከራ ጋቢና ገብተው ቀበቷቸውን አሰሩ። ካምቢዮው ሦስተኛ ማርሽ ሲያስገባ ከወንበሩ ንቅንቅ አላልንም። ጋሼ ወደ ጓደኛዬ ዞሩና «አየህ? ቀይረው ብዬህ አልነበር?» አሉት።