ማስተካከያ፦ ዊንዶውስ 10 ላይ ጌም አልቆመም

በደሴና በኮምቦልቻ ጌመሮች መካከል «ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ወዲህ ዊንዶውስ 10 ጌም አይከፍትም፤ ወደ 11 ያልቀየረ ማሽኑን ይሽጥ» የሚል ወሬ ሲዞር ሰንብቷል። ትክክል አይደለም። በዚያ ቀን ያበቃው የማይክሮሶፍት ነፃ የደህንነት ማሻሻያ እንጂ ጌሙ አይደለም። የጌም መሸጫው ስቲምም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ድጋፉን ያቋረጠው ለዊንዶውስ 7 እና 8 ነው። አብሽሩ!

«11 የማይጫንበት ማሽን የለም» የሚለውም ይታረም። ቲፒኤም 2.0 (የደህንነት ቁልፎችን የሚጠብቅ የማሽኑ ክፍል) እና ሴኪዩር ቡት (ማሽኑ ሲነሳ የታመነ ሶፍትዌር ብቻ እንዲነሳ የሚያደርግ መቆጣጠሪያ) ይፈልጋል፤ ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነ ደግሞ ባብዛኛው 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ። ፒያሳ ያገለገለ ዴስክቶፕ የገዛ ሰው 4ኛ ወይም 6ኛ ትውልድ ደርሶት ከሆነ ራም ቢጨምርም መስፈርቱን አያሟላም። በግድ የሚጭኑ አሉ፤ ግን ቫሎራንት የተባለው ጌም 11 ላይ ቲፒኤምና ሴኪዩር ቡት ካላገኘ አይነሳም፣ ልፋቱ ከንቱ ነው።

ማሽኑ አዲስ ሆኖ «አይሆንም» ካለ መጀመሪያ ባዮስ (ዊንዶውስ ሳይነሳ የሚከፈተው የማሽኑ ቅንብር) ይታይ፤ ቲፒኤሙ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ኢንቴል ላይ «ፒቲቲ»፣ ኤኤምዲ ላይ «ኤፍቲፒኤም» ተብሎ ይገኛል። ጥንቃቄ፦ ዲስኩ ኤምቢአር (የድሮው የዲስክ አከፋፈል) ከሆነ ወደ ጂፒቲ (አዲሱ አከፋፈል) ሳይቀየር ለሴኪዩር ቡት ብሎ ሌጋሲ ቡትን (የድሮውን አነሳስ) ማጥፋት ዊንዶውሱን እንዳይነሳ ያደርገዋል። ዴታ ሳይገለበጥ ይህ አይነካ።

ማሽኑ 11ን የማይችል ሰው በማይክሮሶፍት አካውንት ተመዝግቦ የዊንዶውስ 10ን የደህንነት ማሻሻያ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ማራዘም ይችላል። ለወሬ ብሎ ደህና ማሽን በርካሽ መሸጥ ግን የሚጠቅመው ገዢውን ብቻ ነው።