በ77 ድምፅ የተወሰነ ደመወዝ፦ ሁለት ሐበሾች ስለ ሲታክ ይከራከራሉ

ሲታክ በዋሽንግተን ስቴት፣ ከሲያትል በስተደቡብ፣ ትልቁን ኤርፖርት አቅፋ የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት። ስሟ ከሲያትልና ከታኮማ ተቆርጦ የተገጠመ ነው። ራሷን የቻለች ከተማ የሆነችው በ1990 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፤ ነዋሪዋም 31 ሺህ ገደማ ነው። በኖቬምበር 2013 መራጮቿ በሆቴል፣ በፓርኪንግ፣ በመኪና ኪራይና በኤርፖርቱ ውስጥ ለሚሠሩ ሰዎች ዝቅተኛውን የሰዓት ክፍያ 15 ዶላር የሚያደርግ ሕግ በድምፃቸው አጸደቁ። በዚያን ጊዜ የስቴቱ ዝቅተኛ ክፍያ 9 ዶላር ከ19 ሳንቲም ነበር። የደገፈው 3,040፣ የተቃወመው 2,963፤ ልዩነቱ 77 ሰው። ተቃዋሚዎች ድምፁ በእጅ እንደገና እንዲቆጠር አስደረጉ፤ ያው 77 ሆነ።

ያ ድምፅ ለሠፈራችን በጀ ወይስ አልበጀም? አንዲት የቀድሞ የሆቴል ክፍል አጽጂና አንድ የእንጀራና የቅመማ ቅመም ሱቅ ባለቤት እንዲህ ተከራክረዋል።

ክፍል አጽጂዋ

ሥራውን ላላየ ሰው ከሥራው ልጀምር። ጠዋት ጋሪዬን ይዤ ስወጣ የክፍሎቹ ዝርዝር በወረቀት ይሰጠኛል፤ አሥራ አራት፣ አሥራ አምስት፣ እንግዳ በበዛበት ቀን ከዚያም በላይ። ከሁሉ የሚከብደው ፍራሹ ነው። የአንሶላውን ጠርዝ ከሥር ለመሸጎጥ አንዱ አልጋ በአራቱም ማዕዘን ይነሣል፤ ክፍሉ ሁለት አልጋ ካለው ስምንት ጊዜ። ማታ ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ላወልቅ ጎንበስ ስል ወገቤ እምቢ ይለኝ ነበር። ለዚህ ሁሉ በሰዓት ዘጠኝ ዶላር ከምናምን ነው። ስለዚህ ማታ ማታ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ሁለተኛ ሥራ ነበረኝ። ልጄን የማያት ተኝታ ነው።

ኤርፖርቱ ድሮ እንዲህ እንዳልነበረ የቆዩት ሰዎች ይነግሩናል። በ2005 አንድ አየር መንገድ ወደ 500 የሚጠጉ የራሱን ሻንጣ ጫኞች አሰናብቶ ሥራውን ለኮንትራክተር ሰጠ። ሻንጣው ያው ነው፣ ክብደቱ ያው ነው፤ የጫኙ ክፍያ ግን በብዙ ወረደ። ይህንን አቤት የምንልበት ቦታ አልነበረም። አለቃ ኮንትራክተሩን ጠይቁ ይላል፣ ኮንትራክተሩ አየር መንገዱን ጠይቁ ይላል። በዚህ አገር ግን ነዋሪው ራሱ ፊርማ ሰብስቦ ሕግ ለድምፅ የሚያቀርብበት መንገድ አለ። ያንን በር ነው ያንኳኳነው።

በዚህ ስቴት ባሎቱ፣ የድምፅ መስጫ ወረቀቱ ማለት ነው፣ በፖስታ አማካይነት እቤትህ ድረስ ይመጣል። ከዚያ በፊት ብዙዎቻችን ከሱፐርማርኬት ማስታወቂያ ጋር አብረን ወደ ቆሻሻ እንጥለው ነበር፤ ይህን ስናገር አዝናለሁ። በዚያ መጸው ግን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሶማሌ ጎረቤቶቻችን ደግሞ ዓርብ ከጁምዓ መልስ፣ አፓርትመንት በአፓርትመንት ዞርን። አንዲት እናት ወረቀቱን ሞልተው፣ ፖስታውን አሽገው፣ ቴምብር ለጥፈው ጨርሰው አገኘኋቸው። ገልብጬ ሳየው ከጀርባው የፊርማው መስመር ባዶ ነው። ያ ፊርማ ከሌለ ድምፁ አይቆጠርም። «እማማ፣ እዚህ ጋ ይፈርሙ» አልኳቸው። መነጽራቸውን ፈልገው፣ የቡና ረከቦቱን ገፋ አድርገው፣ በአማርኛ ፊደል ሊጀምሩ ሲሉ ዜግነት የወሰዱ ጊዜ የፈረሙት እንዴት እንደነበር ትዝ አላቸውና እንደዚያው ፈረሙ። በ77 ድምፅ ነው ያሸነፍነው። እኔ ያችን ጠረጴዛ አልረሳትም።

ሕጉ ብሩን ብቻ አልነበረም የያዘው። ለ40 ሰዓት ሥራ አንድ ሰዓት የሚከፈልበት የሕመም ፈቃድ፤ ቲፑ ለሠራተኛው እንዲደርስ፤ ኮንትራክተር ሲቀየር ነባሩ ሠራተኛ ወዲያው እንዳይባረር፤ ትርፍ ሰዓት ሲገኝ አዲስ ሰው ከመቅጠር በፊት ላሉት እንዲሰጥ። በጃንዋሪ 2014 አዲሱ ቼክ ሲመጣ የማታውን ሥራ ተውኩት። ልጄን ከትምህርት ቤት ስትመለስ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኋት። ምን ሆነሽ ነው ብላ ደነገጠች።

ባለ ሱቁ

እትዬ፣ የእርስዎን ድካም የሚያቃልል ሰው አይደለሁም። እናቴም ሰው ቤት ሠርታ ነው ያሳደገችኝ። የምቃወመው 15 ዶላሩን ሳይሆን መንገዱን ነው።

ሕጉ ማንን ነው የነካው? 100 ክፍልና ከዚያ በላይ ያለውን፣ 30 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለውን ሆቴል። አነስ ያለው ሞቴል ውስጥ ያችኑ አንሶላ የምትወጥር እህት በዘጠኝ ዶላሯ ቀረች። መንገድ ዳር ያሉ ምግብ ቤቶች፣ ሱቆች፣ ፀጉር ቤቶች ውስጥ ያለው ሁሉ ቀረ። ለኤርፖርቱ ሠራተኛ ተብሎ ተጀምሮ የኤርፖርቱ ሠራተኛ ራሱ ወዲያው አላገኘውም። ገና ሕጉ ሳይጀምር፣ በዲሴምበር 2013፣ ዳኛ ኤርፖርቱ የሲያትል ወደብ አስተዳደር ግዛት ስለሆነ የከተማዋ ሕግ አይደርስበትም ብለው ወሰኑ። የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያንን በ5 ለ4 የገለበጠው በኦገስት 2015 ነው። ሃያ ወር ሙሉ በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ ሁለት ዓይነት ደመወዝ ነበረ።

የእኔን ሱቅ ልንገርዎ። ሕጉ አይመለከተኝም፣ ሁለት ሰው ነበረ የምቀጥረው። አንደኛዋ እንጀራውን በአሥር በአሥር ከረጢት ውስጥ የምታሽግ፣ ደንበኛውን ሁሉ በስሙ የምታውቅ ልጅ ነበረች። በፌብሩዋሪ መጥታ «ፓርኪንግ ሥራ አገኘሁ» አለችኝ። አልቀየምኳትም፤ እኔም ብሆን እሄዳለሁ። ግን ባለ ትልቁ ድርጅት ጭማሪውን ከእንግዳው ላይ ይወስደዋል፤ አንዳንዱ ፓርኪንግ ደረሰኙ ላይ የደመወዝ ተጨማሪ ብሎ ለየብቻ አስከፍሏል። እኔ ግን ከማን ልውሰድ? እንጀራዬን የሚገዛው የሠፈሬ ሰው ነው። አንድ ዓመት ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሥቼ እንጀራውን ራሴ አሸግሁ።

ሌላም አለ። የወሰኑት ስድስት ሺህ ሦስት ሰዎች ናቸው። በኤርፖርቱ የሚያልፈው መንገደኛ በዓመት ከ30 ሚሊዮን በላይ ነው። ብዙው ሠራተኛ ደግሞ የሚኖረው በጎረቤት ከተሞች ነው፤ ኬንት፣ ተክዊላ፣ በሪየን፣ ፌዴራል ዌይ። ጎህ ሳይቀድ በኤ መስመር አውቶቡስ ተሳፍሮ የሚመጣው ሰው በራሱ ደመወዝ ላይ ድምፅ አልነበረውም። እንዲህ ያለ ነገር በስቴት ደረጃ ነው መወሰን ያለበት።

ከሁሉ በላይ የሚያመኝ ግን ከድሉ በኋላ የሆነው ነው። ፊርማ ሰብሳቢው ወደ ቤቱ ገባ። ማክሰኞ ማታ በ188ኛው ጎዳና ሲቲ ሆል (ማዘጋጃ ቤቱ) ውስጥ ሰባቱ የካውንስል (የከተማዋ ምክር ቤት) አባላት ሲሰበሰቡ የሕዝቡ ወንበር ባዶ ነው። መሬቱ የት ለምን እንደሚውል፣ የትኛው ግቢ ፈርሶ አፓርትመንት እንደሚሠራበት የሚወሰነው እዚያ ነው። ከባቡር ጣቢያው አጠገብ የነበረው የገበያ ግቢ የሶማሌና የሐበሻ ሱቅ የሞላበት ነበር፤ ለልማት ሲባል ሁሉም ለቀቁ። ለደመወዙ በር ያንኳኳን ሰዎች ለዚያ ስንቶቻችን ተገኘን? ደመወዙ ወደ ላይ ሲሄድ ኪራዩ ቀድሞት ሄደ።

ክፍል አጽጂዋ

ሱቅህ ላይ የደረሰው ያሳዝነኛል፣ ይህን ከልቤ ነው የምልህ። ያች ልጅ ግን አሥር አሥሩን እያሸገች ስንት ዓመት በዚያ ዋጋ መቆየት ነበረባት?

በስቴት ደረጃ ይወሰን አልክ። ማን ሊጀምረው? ሲታክ በኖቬምበር ድምፅ ሰጠች፣ ከሰባት ወር በኋላ፣ በጁን 2014፣ የሲያትል ከተማ ምክር ቤት የራሱን 15 ዶላር አጸደቀ። በ2016 የስቴቱ መራጭ ዝቅተኛውን ደረጃ በደረጃ ወደ 13 ዶላር ከ50 ለማድረስ ወሰነ፤ የሕመም ፈቃዱንም ለአብዛኛው ሠራተኛ ሰጠ። ቀጥሎ ተክዊላ በ2022፣ ሬንተን በ2024፣ በሪየን በ2025፣ ሁሉም በሕዝብ ድምፅ። በአውቶቡስ የሚመጡት ሰዎች ድምፅ አልነበራቸውም ላልከው፣ ከመካከላቸው የተክዊላዎቹና የበሪየኖቹ በየከተማቸው ተራቸው ደረሳቸው። ትንሹ ትልቁን ቢጠብቅ ኖሮ እኔ ዛሬም ሁለት ሥራ ላይ ነበርኩ። የሲታኩ ክፍያ ከኑሮ ውድነቱ ጋር በየዓመቱ ስለሚስተካከል በ2025 ወደ 20 ዶላር ከ17 ደርሶ ነበር፤ የስቴቱ በዚያው ዓመት 16 ዶላር ከ66 ነበር።

ያ ሁሉ ሲሆን ሆቴሎቹ አልተዘጉም። ይዘጋሉ፣ ሥራችሁን ታጣላችሁ ብለው በየበራችን ወረቀት ሲለጥፉብን እንደነበር አንተም ታስታውሳለህ።

ኪራዩን በደመወዙ ላይ አትጫንብኝ። ደመወዝ ያልጨመሩ ከተሞችም ውስጥ ኪራይ ጣሪያ ነክቷል። ዘጠኝ ዶላር እያገኘሁ ያ ኪራይ ቢመጣብኝ ኖሮ መኪና ውስጥ ነበር የማድረው።

ስለ ካውንስሉ ያልከው ግን እውነት ነው። መልስ የለኝም።

ባለ ሱቁ

እትዬ፣ በሪየንንና ተክዊላን ሲጠሩ ልክ ነዎት፤ ያኔ እንዲህ ይዛመታል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ሆቴሎቹም አልተዘጉም። ይህን መካድ አልችልም።

እኔ ሲቲ ሆል የሄድኩት ለመጀመሪያ ጊዜ የሱቄ ባለንብረት ኪራዩን ሲቆልልብኝ ነው። ለሕዝብ አስተያየት የተሰጠኝ ጥቂት ደቂቃ ነበር። እንግሊዝኛውን ሌሊቱን ሙሉ ስለማመድ አድሬ፣ ግማሹን ሳልጨርስ ሰዓቱ አለቀ። ዞር ስል ከኋላዬ አራት ሰው ተቀምጧል፣ ሁሉም ለሌላ ጉዳይ የመጡ ናቸው። የእኛ ሰው አንድ እንኳ የለም። እዚያ ክፍል ውስጥ እርስዎ በየበሩ ያዞሯቸው ሴቶች ግማሹ ቢቀመጡ ኖሮ አንገቴን ቀና አድርጌ እናገር ነበር። የካውንስል ወንበር የሚያዝበት ምርጫም በጎዶሎ ዓመት የሚደረግ ነው፤ ብዙ ሰው ባሎቱን ሳይከፍት የሚተወው ያን ጊዜ ነው። በ77 ሰው ደመወዝ ከተቀየረ ወንበርም በዚያው ያህል ሰው ይቀየራል። አንድ ጊዜ ተነሥቶ መቀመጥ ነው የገደለን፤ ስለዚህ ነው መንገዱን የምቃወመው።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እኒያ ፖስታውን ያስፈረሟቸው እናት ዛሬ የት ናቸው?

ክፍል አጽጂዋ

ኬንት ናቸው፣ ልጃቸው ጋ። አፓርትመንቱ በአዲስ ባለቤት ሲያዝ ኪራዩ በአንድ ጊዜ ተጨመረባቸውና ወጡ። ረከቦቱን በጨርቅ ጠቅልዬ መኪና ላይ የጫንኩላቸው እኔ ነኝ። ለሲታክ ድምፅ መስጠት አይችሉም አሁን። ያን ጊዜ የኪራይ ጭማሪውን ወረቀት ይዘን ሲቲ ሆል እንሂድ ብዬ አላሰብኩም፤ እንደሚኬድም አላውቅም ነበር። የሚቀጥለው ስብሰባ ማክሰኞ ከሆነ ከሥራ ወጥቼ እደርሳለሁ፤ ሌሎቹንም ዛሬ ማታ እደውልላቸዋለሁ።

ደመወዙ ነው ያስወጣቸው ካልከኝ ግን አልቀበልህም። ልጃቸው ኤርፖርት ሻንጣ ጫኝ ነው። ያ ፍርድ በ2015 ከወጣ በኋላ፣ እስከሚለቁ ድረስ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ የእናቱን ኪራይ ግማሹን የከፈለው በዚያችው 15 ዶላር ነው።