በቅርብ ቀን ይጠብቁን

የዲጂታል ሂዩማኒቲስና (ታሪክን፣ ቋንቋንና ጽሑፍን በኮምፒውተር የማጥናት ሙያ) የቤተ መጻሕፍት ሳይንስ ተማሪዎችን ፕሮጀክት የሚያጣጥል ሰው ሲገጥመኝ ያንገበግበኛል። አራት ልጆች፣ አንድ የውሰት ስካነር፣ አንድ ሴሚስተር። በዚህ ብቻ «ሁሉን አቀፍ ዲጂታል ቤተ መዛግብት» የሚያቋቁም ሌላ ማን አለ?

እስቲ ከቀደሙት ጋር እናወዳድር። ጣሊያናዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ሮቤርቶ ቡሳ የመካከለኛውን ዘመን የሃይማኖት ሊቅ የቶማስ አኩዊናስን ሥራዎች ቃል በቃል በማሽን ለመልቀም ሲነሡ፣ እ.ኤ.አ. በ1949 ሄደው የማሽን ሠሪውን ኩባንያ የአይቢኤምን አለቃ ቶማስ ዋትሰንን አሳመኑ። ከዚያ ወዲያ 30 ዓመት ገደማ ፈጀባቸው። ውጤቱ 56 ቅጽ፣ ከ10 ሚሊዮን በላይ ቃላት። ዘርፉ እኚህን ሰው እንደ አባት ነው የሚያያቸው። ምስኪን አባት! ያለ ሎጎ ጀመሩት። ማሽኑ የሚያነበውን ካርድ የበሱት ብዙ ወጣት ሴቶች ደግሞ ለረጅም ዘመን ስማቸውን ያነሣ አልነበረም። በዚህ በኩል የኛዎቹ አይታሙም። «ስለ እኛ» የሚለው ገጽ፣ ከነፎቶው ከነምስጋናው፣ ከስብስቡ ይረዝማል።

ሥራው ከስያሜ ይጀምራል። ስሙ ሲያጥር የሚያምር፣ ሲዘረዘር ግን ባለቤቶቹም የማያስታውሱት መሆን አለበት። ለሎጎ ሁለት ሳምንት። ሰማያዊ ይሁን አረንጓዴ ለሚለው ክርክር አንድ ሳምንት። ከዚያ የድሮ ደብዳቤዎቹ ሳጥን ተከፍቶ ስካን ይደረጋል። ወረቀቱን የያዘችው አውራ ጣት ከጽሑፉ ይልቅ ጠርታ ትወጣለች። ይህን እንደ ጥፋት አትዩት። ከመቶ ዓመት በኋላ የዘመናችንን ጥፍር የሚያጠና ሰው ያመሰግነናል።

ዋናው ጥበብ ያለው ግን ሜታዳታው ላይ ነው። ሜታዳታ ማለት የሰነዱ መታወቂያ ወረቀት ነው በሉት። ማን ጻፈው፣ መቼ፣ ስለ ምን፣ ባለመብቱ ማን ነው። ለዚህ ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1995 የተጀመረ ደብሊን ኮር የሚባል መለኪያ አለ። መሠረታዊ መስኮቹ 15 ብቻ ናቸው፤ ባለሙያ ያልሆነም ሰው እንዲሞላቸው ሆን ተብሎ ቀልለው የተሠሩ። ልጆቻችን የበለጠ አቀለሏቸው። ርዕስ፦ «የድሮ ደብዳቤ»። የሚቀጥለውም «የድሮ ደብዳቤ»። እንዲህ እያለ እስከ 840ኛው። ጸሐፊ፦ «አይታወቅም»፤ ፊርማው ከታች ቁልጭ ብሎ እየታየ። ርዕሰ ጉዳይ፦ «ታሪክ»። መብት፦ ባዶ። ቀን የሚለው ላይ ደግሞ ስካን የተደረገበት ቀን ይገባል። ስለዚህ ከሞቱ 70 ዓመት ያለፋቸው ሰውዬ ባለፈው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ደብዳቤ ጽፈዋል። ስማቸው በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ስለገባም ሦስት ሰው ሆነው ተነሥተዋል። ሙት ማስነሣት ከዚህ ወዲያ ምን አለ?

ትንታኔው ፈጣን ነው። ኮምፒውተሩ ከምስሉ ያነበበውን ጽሑፍ የሚያርም ሰው ጊዜ ያባክናል። እንዳለ ወደ ቃላት ደመና ይገለበጣል፤ ብዙ ጊዜ የተደጋገመ ቃል ገዝፎ ወደሚታይበት ሥዕል ማለት ነው። ከዚያ መሀል ላይ «ነው» የሚል ቃል ጉብ ይላል፤ ከሁሉ ገዝፎ፣ በብርቱካናማ። አጠገቡ የሸረሪት ድር የመሰለ የነጥብና የመስመር ሥዕል ይቀመጣል። አንድ ጊዜ በገምጋሚነት ተጋብዤ «ይህ ምን ያሳየናል?» ብዬ ጠየቅሁ። «ግንኙነት» አሉኝ። ጭብጨባው ቀለጠ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ምን ላድርግ?

አሁን ስለ ፍጥነት ላውራ። እ.ኤ.አ. በ1086 የእንግሊዝ ንጉሥ መሬቱንና ከብቱን ያስቆጠረበት መዝገብ በብራና ላይ ተጻፈ። 900ኛ ዓመቱ ሲደርስ፣ በ1986፣ ቢቢሲ የዘመኑን አቻ በሌዘር ዲስክ አዘጋጀ። 15 ዓመት ገደማ ሲያልፍ ዲስኩን የሚያነብ ማሽን ብርቅ ሆነ፤ ባለሙያዎች ተረባርበው ነው ያዳኑት። ብራናው ዛሬም ይነበባል። እንግዲህ እነዚያ ሁሉ ባለሙያዎች፣ በዚያ ሁሉ ገንዘብ፣ የሥራቸውን መጥፊያ 15 ዓመት አካባቢ ጠበቁ። ልጆቻችን በአሥራ ሁለት ወር ይገላገሉታል። የድረ ገጹ አድራሻ ለአንድ ዓመት ተከፍሏል። የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው ልጅ ተመርቆ ስልክ ቀይሯል። ሕንዳዊው የቤተ መጻሕፍት ሊቅ ራንጋናታን እ.ኤ.አ. በ1931 ካወጧቸው አምስት የቤተ መጻሕፍት ሕጎች አራተኛው «የአንባቢን ጊዜ ቆጥቡ» ይላል። «404፣ ገጹ አልተገኘም» ከሚል ገጽ በላይ የአንባቢን ጊዜ የቆጠበ ነገር አላየሁም።

ከዚህ ሁሉ ጀግና መሀል አንዲት ልጅ ብቻ አሳፈረችን። ያንኑ ሳጥን ተሰጥቷት ሴሚስተሩን ሙሉ 60 ደብዳቤ ላይ ተቀመጠች። አንድ በአንድ አነበበቻቸው። ለሰው ስም አንድ አጻጻፍ ብቻ መረጠች፤ የተጠራጠረችበትን ቀን «በግምት» ብላ አስገባች። ያስረከበችው ተራ የጽሑፍ ፋይልና አንድ ሰንጠረዥ ነው። ሦስት ቦታ ቅጂ አስቀምጣ፣ የት የት እንዳሉ በአንድ ገጽ ጻፈች። ዳኞቹ «ካርታው የታለ?» አሏት። ካርታ የላትም። ሎጎ የላትም። ነጥቧም እንደ ሥራዋ ሆነ፤ ለጥቂት አለፈች።

ባለፈው ወር አንድ አዛውንት የአባታቸውን ደብዳቤ ፍለጋ መጡ። ትልቁን ቤተ መዛግብት ብንከፍት «በቅርብ ቀን ይጠብቁን» ይላል። የልጅቱን ሰንጠረዥ ከፈትን፤ 37ኛው ረድፍ ላይ አገኘነው። ሰውየው ወረቀቱን በእጃቸው ይዘው ዝም አሉ። እኔ ግን አፈርኩ፤ እንግዳ ፊት ያለ ምንም ቀለም በዚያ ሰንጠረዥ መገኘት!

ደግነቱ ዘንድሮ አዲስ ቡድን መጥቷል። ያንኑ ሳጥን ከመጀመሪያው ጀምሮ እንደገና ስካን ሊያደርጉ ነው። ስለ ልጅቱ ሰንጠረዥ ነገርኳቸው፤ «አመሰግናለን ጋሼ፣ እኛ ከዜሮ ነው የምንጀምረው» አሉኝ። ሎጎውን አሳይተውኛል። ካለፈው በጣም ያምራል።