ሳይሞቅ የማይዝ ሸራ

ፈጣን መኪና የገዛ ሰው ብዙ ሳይቆይ የሚሮጥበት ቦታ ያጣል። እኔም ጠዋት ወደ ሥራ፣ ማታ ወደ ቤት በሰልፍ ስንፏቀቅ ኖሬ፣ የፊት ፍሬን ሸራዎቼ 3 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ሲቀራቸው፣ ፋብሪካው የገጠመውን ዓይነት መልሶ መግጠም ለመኪናዬ ክብር የማይመጥን መስሎ ታየኝ።

ምክር ጠየቅሁ። ስለ ፍሬን ምክር የሚሰጥ ሰው ስለ ትዳር ከሚመክረው ይልቅ ልበ ሙሉ ነው። አንዱ ወዳጄ ሴራሚክ እንድገዛ፣ ጥቁር ብናኙ ስለሚያንስ ቸርኬዬ ንጹሕ ሆኖ እንደሚውል ነገረኝ። ሌላው፣ ቸርኬ ማጠብ የሰነፈ ሰው በዚህ መኪና ምን ይሠራል ብሎ ተቆጣና ብረት የተቀላቀለበትን፣ ብናኙና ድምፁ ቢበዛም ሙቀት የሚችለውን አመሰገነልኝ። ሦስተኛው፣ የውድድር ሜዳ በእግሩ እንኳ ረግጦ የማያውቀው፣ «ለውድድር የተሠራውን ካልሆነ ምንም አትግዛ» አለኝ። የእርሱን ሰማሁ፤ እኔ ስለ ራሴ ካለኝ ግምት ጋር የሚስማማው የእርሱ ምክር ብቻ ነበርና።

በብዙ ሸራዎች ጠርዝ ላይ ሁለት ፊደላት ይታተማሉ፤ የመጀመሪያው በመደበኛ ሙቀት፣ ሁለተኛው ሸራው ሲግል ያለውን የሰበቃ መጠን ያመለክታል፤ ኤፍ ከ0.35 እስከ 0.45፣ ጂ ደግሞ ከ0.45 እስከ 0.55 ማለት ነው። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ከገዛሁ በኋላ ነው። ስገዛ ያየሁት ካርቶኑ ላይ የተሣለውን ነበልባል ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት መኪናዬን በክሪክ አንሥቼ ጎማውን ስፈታ፣ ለወትሮው ሰላምታ የሚሰስቱ ጎረቤቶች ሁሉ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ተሰበሰቡ። ሸራዎቹን አቅፎ የሚይዘው ካሊፐር በፍሬን ቱቦው እንዳይንጠለጠል በሽቦ አሰርሁት፤ ከሸራው ጀርባ ሙቀት የሚችል ግራሶ በስሱ ቀባሁ፤ እስከዚህ ድረስ አድናቆት ነበረኝ። ሸራውን የሚገፋውን ፒስተን ወደ ካሊፐሩ ውስጥ መልሼ ስገፋው ግን የፍሬን ዘይቱ ከማጠራቀሚያው ሞልቶ ፈሰሰና ወደ መኪናው ቀለም መውረድ ጀመረ። ይህ ዘይት ቀለም ይልጣል። ውኃ ፍለጋ ስሮጥ ከተሰበሰቡት አንድም ሰው ከቆመበት አልተነቃነቀም፤ አንድ አዛውንት ብቻ፣ «ልጄ፣ ከመንቀሳቀስህ በፊት ፔዳሉን ደጋግመህ ርገጠው» አሉኝ። ስረግጠው መጀመሪያ እስከ ወለሉ ወረደ፤ ከብዙ ረገጣ በኋላ ጠጠረ። ያን ዕለት ከሰማሁት ምክር ሁሉ የሚረባው ይህ ነበር።

ሸራውና እርሱ የሚይዘው፣ ከጎማው ጋር የሚዞረው ክብ ብረት፣ ዲስኩ፣ መለማመድ አለባቸው። በማግስቱ ማለዳ ጭር ወዳለ መንገድ ወጥቼ፣ እየፈጠንሁ፣ ሙሉ በሙሉ ሳልቆም እያቀዘቀዝሁ ደጋገምሁት፤ በዚህ ሁኔታ ከሸራው ስስ ሽፋን በዲስኩ ፊት ላይ እኩል ይለጠፋል፤ ከዚያም ፍሬን ሳይነኩ እየነዱ ማብረድ ነው። ሽታው መኪናው የተቃጠለ ያስመስል ነበር። በመጨረሻዎቹ ረገጣዎች ሸራው ሲይዝ ግን ደረቴ ከቀበቶው ጋር ተላተመ፤ ሦስተኛውን ወዳጄን በልቤ መረቅሁት።

ሰኞ ጠዋት የመጀመሪያው መብራት ላይ ስደርስ ሸራው ቀዝቅዞ ነበር። ስረግጠው፣ አቤቱታ እንደቀረበለት ሹም «እንየው» ያለኝ መሰለኝ፤ አጥብቄ ስረግጠው ነው ጉዳዬን የፈጸመልኝ። ለውድድር የተሠራ ሸራ አጥብቆ የሚይዘው ሲግል ነው፤ በሰልፍ የሚንፏቀቅ መኪና ደግሞ ፍሬኑን አያግለውም። ሸራው የጎደለውን ጉልበት በጩኸት አካካሰው። ሸራና ዲስክ አብረው ሲንቀጠቀጡ የሚወጣው ያ ቀጭን ፉጨት መንገደኛውን ሁሉ ያስዞር ጀመር። ባለቤቴ አውቶቡስ በራችን ላይ የቆመ መስሏት ሁለት ጊዜ ወጥታ አይታለች። የመሥሪያ ቤታችን ጥበቃ ግን ድምፄን ከሩቅ እየለየ ከመድረሴ በፊት በሩን ወለል አድርጎ ይከፍትልኝ ነበር፤ አለቃችን እንኳ ይህን ክብር አላገኘም።

ከጥቂት ወራት በኋላ ዲስኩ እንደ ታረሰ መሬት ተቦረቦረ፤ ውፍረቱ ሲለካም በላዩ ላይ ከተቀረጸው ዝቅተኛ ልክ በታች ሆኖ ተገኘ። አዲስ ዲስክ ገዝቼ የፋብሪካውን ዓይነት ሸራ ገጠምሁ። አሁን ገና በቀዝቃዛው ጠዋት በእግሬ ጣት ነካ ሳደርገው ይቆማል፤ ድምፅም የለው። ሦስተኛው ወዳጄ አሮጌውን ሸራ እንዳልጥለው ለምኖ ለራሱ መኪና ወሰደው። እኔም በየጠዋቱ የመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ቆሜ፣ እስኪከፈትልኝ ድረስ ክላክስ እነፋለሁ።