ስፔስ ባር ጡሩምባ አይነፋም

ከባቡር ሲሙሌተር (ባቡር መንዳትን ከሚያስመስል የኮምፒውተር ጨዋታ) ወዳጆች ደጋግሜ የምሰማው ነገር አለ። «ጡሩምባ ምን ይከብዳል? ከአንድ ቪዲዮ ላይ ሁለት ሰከንድ ቆርጦ ማስገባት ነው» ይላሉ። ይህን የሚሉት በጨዋታው ውስጥ ባቡሩን የሚጎትተውን የሎኮሞቲቩን ዝገት ለማሳመር ወራት የሚፈጁ ሰዎች ናቸው። ብሎኑ ሳይቀር አንድ በአንድ ይሠራል። ከዚያ ጡሩምባው ሲነፋ የጭነት መኪና ክላክስ ይወጣዋል። ለእኔ ጨዋታው እዚያ ላይ ያበቃል። ዓይን ብዙ ነገር ያልፋል፤ ጆሮ ግን በቀላሉ አይሸወድም።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ጡሩምባ የሚጮኸው በታመቀ አየር ነው። አየሩ ስስ የብረት ሰሌዳ ያንቀጠቅጣል፤ ንዝረቱ ቀንድ በሚባለው ቱቦ በኩል ጎልቶ ይወጣል። ቀንዱ በረዘመ ቁጥር ድምፁ ይወፍራል። በሰሜን አሜሪካ የመጀመሪያዎቹ የናፍጣ ሎኮሞቲቮች ባለ አንድ ድምፅ ጡሩምባ ነበራቸው። መንገድ ሃዲድ የሚያቋርጥበት ቦታ ላይ የደረሰ የመኪና ሾፌር የጭነት መኪና መስሎት ሊዘናጋ ይችል ነበር። ሮበርት ስዋንሰን የተባለ ካናዳዊ ይህን አይቶ፣ የድሮውን የእንፋሎት ባቡር ፉጨት እንዲመስል፣ ብዙ ቀንዶች አብረው የሚጮሁበት ጡሩምባ ሠራ። እንግዲህ ጡሩምባው ራሱ ማስመሰያ ነበር ማለት ነው። እኛ የማስመሰያውን ማስመሰያ ነው የምንሠራው።

ከዚያ ቤተሰብ በጣም የሚታወቀው ናታን የተባለው ድርጅት ጡሩምባ፣ ኬ5ኤልኤ ነው፤ የአሜሪካው የመንገደኞች ባቡር ድርጅት አምትራክ ለረጅም ጊዜ ሲጠቀምበት ኖሯል። አምስት ቀንድ አለው። ድምፆቹ በግምት 311፣ 370፣ 415፣ 494 እና 622 ኸርዝ (በሰከንድ የንዝረት ብዛት) ናቸው። አብረው ሲጮሁ ቢ ሜጀር ሲክስዝ የሚባለውን ኮርድ ይሰጣሉ። «ቁጥሮቹን ካወቅን በኮምፒውተር እናመንጨዋ!» የሚል አይጠፋም። እኔም ሞክሬዋለሁ። የወጣልኝ ኦርጋን ነው። ደስ የሚል ኦርጋን፣ ግን ኦርጋን።

ምክንያቱም እውነተኛ ቀንዶች እኩል አይነሱም። አንዱ ቀድሞ ይጮሃል፣ ሌላው ለቅጽበት ይታነቃል፣ ወፍራሙ ዘግይቶ ይደርሳል። ግፊቱ እስኪሞላ ድረስ ድምፁ ትንሽ ይንገዳገዳል። ሲዘጋም እንደዚያው ነው። አየሩ እየሳሳ ሲሄድ ቀንዶቹ ተራ በተራ ይወድቃሉ፤ የመጨረሻው ብቻውን ትንሽ አጉረምርሞ ዝም ይላል። ቅኝታቸውም ፍጹም አይደለም። 622 መሆን የነበረበት ቀንድ 624 ላይ ቢቆም፣ ከ311ዱ እጥፍ (622) ጋር እየተጋጨ በሰከንድ ሁለት ጊዜ ይርገበገባል። ያ መርገብገብ ነው «ይሄ ባቡር ነው» የሚያሰኘው። ብዙ ሰው ግን ሶፍትዌር ከፍቶ መጀመሪያ የሚያጠፋው እሱን ነው።

አሁን ወደ ጨዋታው ፋይል እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው የማይክሮሶፍት ትሬይን ሲሙሌተር ነገሩን በጥሩ መንገድ አስቦት ነበር፤ ነፃው ኦፕን ሬይልስም ያንኑ ስልት ይዞ ቀጥሏል። አንድ የድምፅ ፋይል ውስጥ ሁለት ምልክት ታስቀምጣለህ። ከመጀመሪያው ምልክት በፊት ያለው አነሳሱ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ቁልፉ ተጭኖ እስካለ ድረስ ይደጋገማል። ከሁለተኛው ምልክት በኋላ ያለው አዘጋጉ ነው። ቁልፉ ሲጫን 8 ቁጥር ትእዛዝ ድምፁን ያስነሳል፣ ሲለቀቅ 9 ቁጥር ያስቆመዋል። በቃ ይኸው ነው።

ሠሪዎች ጉልበታቸውን ሁሉ የሚጨርሱት መካከሉ ላይ ነው። አይፈረድባቸውም፤ መካከሉ ያናድዳል። የሚደጋገመውን ክፍል ግማሽ ሰከንድ ካደረግከው ያ መርገብገብ በተሳሳተ ቦታ ይቆረጥና ጡሩምባው «ዋ-ዋ-ዋ» እያለ የታመመ በግ ይመስላል። ሦስት አራት ሰከንድ ወስደህ፣ መርገብገቡ ዙሩን የሚጨርስበትን ቦታ በጆሮህ ፈልገህ ብትቆርጠው ይሻላል። ይሁን እንጂ ይህን ሁሉ ከለፉ በኋላ አነሳሱንና አዘጋጉን በሁለት ደቂቃ ጨርሰው ይተኛሉ። የእኔ ጠብ እዚህ ላይ ነው።

የጡሩምባ ድምፅ ፈተናው ረጅሙ አይደለም፣ አጭሩ ነው። በአሜሪካ ደንብ ባቡር ወደ መንገድ ማቋረጫ ሲቃረብ ሁለት ረጅም፣ አንድ አጭር፣ አንድ ረጅም ይነፋል። ይህም ማቋረጫው ላይ ከመድረሱ 15 እስከ 20 ሰከንድ በፊት ይጀምራል። ሦስተኛዋን፣ አጭሯን ድምፅ በጨዋታው ሞክሯት። ብዙዎቹ ፋይሎች እዚያ ላይ ይጋለጣሉ። አንዳንዱ ፋይል መጀመሪያው ላይ ባዶ ዝምታ ስለቀረበት ጣትህን ካነሳህ በኋላ ይጮሃል፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው። ሌላው ደግሞ ገና ያልተነሳውን ድምፅ ረጅም ማስተጋባት ያስከትልበታል። እዚህ ላይ የገደል ማሚቶን ነገር አንድ ልበል። ሸለቆ ውስጥ የተቀዳ ጡሩምባ ያምራል። ግን ጨዋታው ውስጥ ባቡሩ ሜዳ ላይ ሲሄድም ያንን ሸለቆ ተሸክሞት ይዞራል። ድምፁን ደረቁን ቅዱት፤ ማሚቶው በኋላ ይጨመራል።

የሚያልፍ ባቡርም አትቅዱ። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባቡር ሲቀርብ 311ዱ ወደ 338 ይወጣል፣ ሲርቅ ወደ 288 ይወርዳል። በዶፕለር ሕግ ማለት ነው። ቦይስ ባሎት የተባለ የሆላንድ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1845 ይህን የፈተሸው ጡሩምባ ነፊዎችን ባቡር ላይ ጭኖ፣ ጆሯቸው የሠለጠነ ሙዚቀኞችን ሃዲዱ ዳር አቁሞ ነው። (እንዲህ ያለ የምርምር ቀን ላይ ብገኝ ደስታዬ!) የዛሬ ሲሙሌተሮች ይህን ስሌት ራሳቸው ይሠሩታል። በፋይሉ ውስጥ አስቀድሞ ካለ ዶፕለሩ ሁለት ጊዜ ይመጣል፣ ጡሩምባውም የሰከረ ይመስላል። የቆመ ሎኮሞቲቭ ነው የሚያስፈልገው። ከአጠገቡ ደግሞ አይደለም፤ የአሜሪካው ደንብ ከፊት ለፊቱ 30 ሜትር ያህል ርቀት ላይ ከ96 እስከ 110 ዴሲቤል ይጠይቃል። አንድ ሜትር ላይ ሲሆን ወደ 30 ዴሲቤል ይጨምራል። ማይኩም ጆሮህም አይችሉትም። ሃዲድ ላይ ወጥቶ መቅዳትማ የሚታሰብ አይደለም፤ ባለቤቱን አስፈቅዶ ነው።

ወደ እንፋሎቱ ፉጨት ስንመጣ ነገሩ ይብሳል። እንፋሎቱ በቀጭን ክፍተት ወጥቶ ደወል የሚመስለውን የፉጨቱን ክፍል ከንፈር ይመታል፤ ግፊቱ ሲጨምር ድምፁ ይቀጥናል። መጀመሪያ ላይ ቱቦው ውስጥ የቀዘቀዘ ውሃ ስላለ ይተፋል፣ ይጎረንናል፣ ከዚያ ነው የሚጠራው። ሾፌሩ ገመዱን በመጠን እየሳበ ዜማ ያወጣበታል። እ.ኤ.አ. በ1900 በባቡር ግጭት የሞተው አሜሪካዊው የባቡር ሾፌር ኬሲ ጆንስ በመስመሩ ዳር ያሉ ሰዎች ሳያዩት በፉጨቱ ብቻ የሚያውቁት ሰው ነበር። የእጅ ጽሑፍ በሉት።

ይህንን የእጅ ጽሑፍ እኛ በምን እንጽፋለን? በስፔስ ባር፣ በኪቦርዱ ረጅም ቁልፍ። ወይ አለ ወይ የለም። አዳዲስ ሎኮሞቲቮች ላይም ጡሩምባው በቁልፍ ነው የሚነፋው፣ ለእነሱ ስፔስ ባር ይበቃል፤ ይህን አልክድም። የድሮው በማንሻ የሚከፈት ቫልቭና የእንፋሎቱ ገመድ ግን እንደዚያ አይደሉም። የጨዋታ መቆጣጠሪያዎች ጀርባ ላይ እኮ በመጠን የሚጫን ቃታ አለ። ሠሪዎች መኪና ለመንዳት ይጠቀሙበታል። ለፉጨት ሊጠቀሙበት የማይችሉበት ምክንያት አይታየኝም። በስሱ፣ በመካከለኛና በሙሉ ግፊት ሦስት ቅጂ ወስዶ ቃታው በተጫነው ልክ ከአንዱ ወደ አንዱ ማሻገር ነው። ሥራ አለው፣ ግን ዝገት በብሎን ላይ ከመቀባት አይበልጥም።

አንዱን ጥሩ ቅጂ ወስደው ከፍ ዝቅ እያደረጉ ለአሥር ሎኮሞቲቭ ስለሚያድሉትም ትንሽ ልበል። ቅኝቱ ከፍ ሲል አነሳሱም አብሮ ይፈጥናል፤ ባለ 150 ቶኑ ማሽን የመጫወቻ ባቡር ይሆናል። ድምፁ የማን ቅጂ እንደሆነ ሳይናገሩ መውሰዱ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው፣ እሱን ሌላ ቀን።

እኔ በአሁኑ ሰዓት አንድ ባለ ሦስት ቀንድ ጡሩምባ ላይ ነኝ። መካከሉ አልቋል። አዘጋጉ ላይ የመጨረሻው ቀንድ ከመውደቁ በፊት ትንሽ ይቆራረጣል፤ ጓደኛዬ «እሷን አጥፋት፣ ብልሽት ትመስላለች» ይለኛል። ሦስት ጊዜ አጥፍቼ ሦስት ጊዜ መለስኳት። አሁን እዚያው አለች።