ሕጉ የቀሰቀሰው ተከራዩን ነው

እዚህ አሜሪካ ያለን አበሾች የቤት ነገር ሲነሳ «ፈረንጅ ሕግ አለው፤ እኛ ጋ ማን ጠያቂ አለ?» ማለት ይቀናናል። ሕግ መኖሩስ እውነት ነው። በአሜሪካ የቻይናውያን ስደተኞች ማደሪያ ያለፈበትን ላየ ግን ዋናው ነገር ሌላ ነው፤ ሕጉ ሌሊት በር ሲያንኳኳ ማንን ይዞ ይወጣል? (ካልተጠቀሰ በቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሳን ፍራንሲስኮ በ1870 ባወጣችው ደንብ በማደሪያ ቤት የሚያድር አዋቂ ሁሉ ቢያንስ 500 ኪዩቢክ ጫማ አየር እንዲደርሰው አዘዘች። 14 ሜትር ኪዩብ ገደማ መሆኑ ነው። ጣሪያው 2.5 ሜትር ከሆነ ለአንድ ሰው 5.7 ካሬ ወለል ያስፈልጋል፤ 3 በ4 የሆነች ክፍል ከሁለት ሰው በላይ አትይዝም። በቻይናውያኑ ሰፈር፣ በቻይናታውን፣ ደግሞ አልጋው በአልጋ ላይ ተደራርቦ ነበር የሚታደረው።

ወረቀቱን ብቻ ላየው የጤና ሕግ ነው። ጉዱ አፈጻጸሙ ላይ ነው። ደንቡ አከራይንም ተከራይንም ይቀጣል፤ ፖሊስ ግን ሌሊት ቻይናታውን እየገባ የተኙትን ቀስቅሶ ያፍሳል። በሌላው ሰፈር የታጨቀውን ማደሪያ ዞር ብሎ ያየው የለም። ቅጣቱ ከ10 ዶላር ይጀምራል። ቻይናውያኑ «አንከፍልም፣ እሰሩን» አሉ። እስር ቤቱ ጢም ብሎ ሞላና ለእስረኛው የሚደርሰው አየር ደንቡ ካዘዘው በታች ወረደ! ከተማዋ አፍራ ተወችው? ኧረ ወዲያ! በ1876 የእስረኛ ፀጉር አንድ ኢንች ብቻ ቀርቶ ይቆረጥ አለች፤ ያኔ የቻይና ወንድ ፀጉሩን ረጅም ሹሩባ ይጎነጉን ነበርና፣ እሱን ከሚያጣ መቀጫውን መክፈል እንደሚቀለው አሳምራ ታውቃለች። ሆ አህ ኮው የተባለ ሰው የአየሩን ሕግ ተላልፈሃል ተብሎ 10 ዶላር ተቀጣ፤ አልከፍልም ሲል ታሰረ፤ ሹሩባውም ተቆረጠ። ሸሪፉን ከሰሰና በ1879 ዳኛ ስቲቨን ፊልድ ፈረዱለት። የተሻረው ግን የፀጉሩ ደንብ ነው፤ የአየሩ ሕግ እንዳለ ቀጠለ።

ልኬቱ ራሱም እንከን አለበት። በሜትር ኪዩብ ብቻ ከተለካ፣ ጣሪያው ረጅም የሆነ መስኮት አልባ ክፍል ያልፋል፤ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ነፋስ ግን እንደልብ የሚገባበት ክፍል ይወድቃል።

የሲንጋፖር አካሄድ ሌላ ነው። ከሕንድ፣ ከባንግላዴሽና ከቻይና የሚመጡት ሠራተኞች ለሚያድሩበት ዶርም ፈቃድ የሚያወጣው ዶርሙን የሚያስተዳድረው ነው፤ ሲጎድልም ተጠያቂው እሱ ነው። ሲንጋፖርም ብትሆን በአንዴ አልሆነላትም። በ2016 ሥራ ላይ የዋለው ሕግ የሚነካው 1000 አልጋና ከዚያ በላይ ያለውን ዶርም ብቻ ነበር። በ2020 ኮሮና ዶርሞቹን አዳረሳቸው። ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ 7 አልጋና ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ፈቃድ ያወጣል። አዲስ የሚሠራ ዶርም በአንድ ክፍል ከ12 ሰው በላይ አይኖረውም፤ ሽንት ቤቱ ከክፍሉ ጋር ሆኖ አንዱ ለ6 ሰው ነው፤ በአልጋና በአልጋ መካከል 1 ሜትር ይተዋል። ስፋቱ ለአንድ ሰው 4.2 ካሬ ነው። የቀድሞው 4.5 ስለነበር የተቀነሰ ይመስላል፤ ነገር ግን ያኔ የጋራ መጠቀሚያው ሁሉ ተደምሮ ነበር፣ አሁን መኝታው ብቻ ይቆጠራል። የኪራይ ማስታወቂያ ላይ ካሬ ለሚያነብ ሰው ይህቺ ልዩነት ቀላል አይደለችም። ለነባሮቹ ዶርሞች ግን ሙሉ በሙሉ እስኪያሟሉ እስከ 2040 ጊዜ ተሰጥቷቸዋል። ለእኔ በዝቷል።

ወደ አገር ቤት እንምጣ። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲከፈት ከገጠር የመጡት ሴት ልጆች አብዛኞቹ ከተማው ውስጥ ነው የተከራዩት፤ ለሦስት ለአራት አንድ ክፍል፣ ሽንት ቤቱ የግቢው ሁሉ። የቻይና መንገድ ሥራ ድርጅቶችም ለአገራቸው ሰው ካምፕ ይሠራሉ፤ የእኛው የቀን ሠራተኛ ያገኘው ቦታ ያድራል። በእኛ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. የወጣው የኪራይ አዋጅ ትኩረቱ ውል ማስመዝገብና የዋጋ ጭማሪ ነው።

አንድ ሹም ተነስቶ የሲንጋፖርን ልክ ቢያመጣስ? ያቺው 3 በ4 ክፍል፣ በ4.2 ካሬ ሲሰላ፣ ሁለት ሰው ትይዛለች። አራት ሆነው የሚከፍሉት ኪራይ ለሁለት ሲወድቅ የእያንዳንዷ ድርሻ እጥፍ ይሆናል፤ ሁለቱ ደግሞ ሻንጣቸውን ይዘው ደላላ ፍለጋ ይወጣሉ። ስለዚህ የአልጋው ቁጥር ሲጻፍ አብረው የሚጻፉ ነገሮች አሉ፦ ቅጣቱ በአከራዩ ላይ ብቻ መሆኑ፣ ለማስፋት ስንት ወር እንደሚሰጠው፣ የኪራዩን ልዩነት ፋብሪካው ይሸፍን እንደሆነ፣ ቆጠራው ሁሉም ከፈረቃ በተመለሱበት ሰዓት መደረጉ፣ ትርፍ ሆነው የተገኙት ልጆችም ሌላ ክፍል እስኪያገኙ ከዚያው እንዳይወጡ።